መልስ፦ የ4 ዓመት ልጄ ውኃ ትፈራለች፤ ዋና ላስተምራት?
እህቴ፣ ውኃው ደረቷ ሲደርስ እንደምታለቅስ ጽፈሻል። በዚህ የእረፍት ወቅት ማስተማሩን አትተዪው፤ ግን አትቸኩዪባት። ዕድሜዋ ለመማር ደርሷል። የእኔ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በኩባያ ውኃ እየቀዳ ትከሻው ላይ ከማፍሰስ በቀር ምንም አላደረገም። ከዚያ አገጩን ነክሮ አረፋ እፍ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ጭንቅላቱን መዳፌ ላይ አሳርፎ፣ ጆሮዎቹ ውኃ ውስጥ ሆነው፣ በጀርባው ተንሳፈፈ፤ እጄን ቀስ ብዬ ሳነሣ እንኳን አላወቀም። ያን ፊቱን መቼም አልረሳውም! ልጅን በግድ የሚያጠልቅ አስተማሪ ካጋጠመሽ ወዲያውኑ ይዘሻት ውጪ። በአየር የሚነፋውን የክንድ ማንሳፈፊያም አትመኚበት፤ ሊወልቅ ወይም ሊተነፍስ ይችላል። የሚሰጥም ልጅ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ ስለዚህ ስልክሽን አስቀምጪና እጅሽ ከሚደርስበት አትራቂ።