ጋዝ ይፈሳል ወይስ ይነፍሳል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከጋላክሲ እምብርት ተገፍቶ ስለሚወጣ ጋዝና በኮከቦች ልደት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። «የጋዝ ፍሰት» ልበል ወይስ «የጋዝ ነፋስ»?

መልስ፦ «ነፋስ» ይበሉ። «ፍሰት» በዚህ ዘመን ያልገባበት የለም። የገንዘብ ፍሰት፣ የመረጃ ፍሰት፣ የትራፊክ ፍሰት። አንድ ቃል ሁሉን ሲሸከም ምንም የማይል ይሆናል፤ ይህ ዘወትር ያሳስበኛል።

ፈሰሰ ስንል ነገሩ በራሱ ክብደት ይሄዳል። ውሃ፣ እንባ፣ ደም እንዲሁ ነው። በጋላክሲው እምብርት ወዳለው ጥቁር ጉድጓድ፣ ስበቱ ብርሃን እንኳ ወደማያስመልጠው አካል፣ የሚወድቀው ጋዝ በእርግጥ ይፈሳል። የሚወጣው ግን ተገፍቶ ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ የሚሽከረከረው ጋዝ እጅግ ይግላል፤ ከዚያ የሚወጣው ኃይል ሌላውን ጋዝ ያባርረዋል። ማርካሪያን 231 የተባለውን ጋላክሲ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት ግምት በየዓመቱ 700 ፀሐዮችን የሚያክል ቀዝቃዛ ጋዝ ይወጣል። ኮከብ የሚሆነው 200 ገደማ ነው። ኮከብ የሚወለደው ደግሞ ከዚሁ ቀዝቃዛ ጋዝ ነው። በዚህ አያያዝ ስንቁ በ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያልቃል። አውድማ ላይ ምርት ሲናፈስ ነፋስ ገለባውን ይወስዳል፤ እዚህ የሚሄደው ፍሬው ነው።

ሥሩንም እንይ። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ ተነፈሰ ከአንድ ሥር ናቸው። የዕብራይስጡ ኔፌሽና የዐረብኛው ነፍስ ዘመዶቻቸው ናቸው። «ነፋ» ግን ሌላ ነው። መለከት የምንነፋበት ከግእዙ ነፍኀ፣ ዱቄት የምንነፋበት ከነፈየ መጥተው አማርኛ ላይ ተገናኙ። ወናፍ የመጀመሪያው ወገን ነው፣ ወንፊት የሁለተኛው።

ወናፍን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ማታ ኩራዙን እፍ ብለን እናጠፋለን፤ ጠዋት የቡናውን ፍም እፍ ብለን እናቀጣጥላለን። ሰማይ ላይም እንዲሁ ነው። ኤንጂሲ 541 ከተባለው ጋላክሲ እምብርት የሚወጣው ጄት፣ ማለትም እንደ ቀስት ቀጥኖ የሚወረወረው ፈጣን ጅረት፣ አጠገቡ ያለውን ጋዝ መትቶ አምቆታል፤ እዚያ ኮከቦች ተወልደዋል። ቦታው የሚንኮውስኪ አካል ይባላል። ይህን ማጥፋትና ማቀጣጠል የተባለ ሁለት ጠባይ «ፍሰት» አይችለውም።

«ነፋስ አየር ነው፤ ሕዋ ላይ አየር የለም» የሚሉ አሉ። ታዲያ «የፀሐይ ነፋስ» ሲባል ለምን ዝም አሉ? ጠንካራው ክርክራቸው ሌላ ነው። ባለሙያዎች ራሳቸው ነፋስ የሚሉት ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱ አጠገብ የሚነሳውን ፈጣን ጋዝ ነው። ርቆ ለሚታየው ሰፋ ያለ ስም ይጠቀማሉ። ይህ እውነት ነው። ሕዝብም «አደባባይ ፈሰሰ» ይባላል፤ ቁልቁለት አላስፈለገውም።

ስለዚህ «ፍሰት» ቢሉ ስህተት አልልዎትም፤ ብዙ ሰው የሚለው እሱን ሆኗል። ለጆሮዬ ግን አይጥመኝም። ቢያንስ «ወደ ውጭ» የሚለውን አይጣሉበት። ያለዚያ ተማሪው ጋዙ እየገባ ይሁን እየወጣ አይለይም።