ይድረስ ለወጣት አስመራጮች፦ ምርጫ የሚበላሸው ጥቆማ ላይ ነው

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ልጆቼ።

የሠራተኛ ማኅበር ምርጫ ሲደርስ አስመራጭ ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ወጣቱ ነው። «እናንተ ገና ናችሁ፣ ከማንም ጋር አልተነካካችሁም» ትባላላችሁ። ከዚያ ማንም ምንም ሳያሳያችሁ መድረክ ላይ ትወጣላችሁ። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ «ሰው ደንብ ሲጥስ ምን እናድርግ?» ብላችሁኛል። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ነው። በፋብሪካ ሠራተኝነት ጀምሬ የማኅበር ጸሐፊ ሆንኩ። ወደ ጡረታ ስጠጋ ደግሞ ሌሎች ማኅበራት «ና አስመርጠን» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው የድምፅ ሳጥኑ ላይ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ግን ከዚያ በፊት፣ ጥቆማ ላይ ነው።

እንዴት መሰላችሁ? ጠቅላላ ጉባዔው ተጠርቷል፣ አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢው «ጥቆማ ጀምሩ» ይላል። ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ ፊት ወንበር ላይ ያለ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ስም ይጠራል። ከጎኑ ያለው «እደግፋለሁ» ይላል። ሌላ ስም፣ ሌላ ድጋፍ። የሚፈለገው ቁጥር ሲሞላ ከመሃል አንዱ ይነሳና «ሰዓቱም ስለሄደ ጥቆማው በዚህ ይብቃልን» ይላል። ጭብጨባ ይቀልጣል። በቃ፣ አለቀ። ከኋላ የተቀመጡት ያወጡትን እጅ ያወርዳሉ። ከፈረቃ የወጡት ገና በር ላይ ናቸው። ቃለ ጉባዔውን ብታነቡት ምንም እንከን የለውም። ምልዓተ ጉባዔው ተሟልቷል፣ ተጠቁሟል፣ ተደግፏል። ሠራተኛው ግን ምን እንደተደረገ ያውቃል።

ይሄ ሲደረግ ደጋግሜ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። አንድም አባል እጁን አውጥቶ ተራ እየጠበቀ እስካለ ድረስ «ጥቆማው ይብቃ» የሚል ሐሳብ አይቀርብም ብላችሁ ለምርጫው በምታወጡት የሥነ ምግባር ደንብ ላይ ጻፉ። ዕድል ስትሰጡ ከፊት ብቻ አትስጡ፤ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከኋላ እያላችሁ አዙሩ። ከተቻላችሁ ደግሞ ጥቆማውን ከአዳራሹ አስቀድሙት። ጠቋሚው፣ ደጋፊዎቹና ተጠቋሚው ራሱ የሚፈርሙበት ቅጽ አዘጋጁ። ለሁሉም ፈረቃ የሚደርስበት ጥቂት ቀን ስጡት። የተጠቋሚውን ፊርማ አትርሱ። ሳይፈልግ የተጠቆመ ሰው የሌላውን ዕጩ ድምፅ መከፋፈያ ሲደረግ አይቻለሁ።

አዋጁ ይሄን ሁሉ ዘርዝሮ አልጻፈላችሁም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 117 የሚለው፣ ማኅበራት የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ ነው። የአመራር መመዘኛው፣ የስብሰባና የምርጫው ሥነ ሥርዓት፣ የዲሲፕሊኑ አፈጻጸም በደንባችሁ የሚወሰን ነው። ይሄ ክፍተት አይደለም፣ ነፃነት ነው። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ሠራተኞች ተወካዮቻቸውን በሙሉ ነፃነት እንዲመርጡ፣ የመንግሥት አካላትም እጃቸውን እንዲሰበስቡ ይላል። በዚያው ዓመት፣ በእኛ 1955 ዓ.ም፣ ነው የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው። በደርግ ጊዜ ተዘጋና ከላይ የተደራጀ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በቦታው ቆመ። በ1987 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) አመራር እርስ በርሱ ሲከፋፈል መንግሥት ምዝገባውን ሰረዘ። ኮንፌዴሬሽኑ እንደገና የቆመው በ1989 ዓ.ም ነው። ይሄን የማነሳው ለታሪክ ትምህርት አይደለም። ውስጣችን ሲከፈል ከውጭ የሚገባው እጅ መንገድ እንደሚያገኝ እንድታስቡት ነው። የጥቆማ ሥርዓት ማስከበር ያንን መንገድ መዝጋት ነው።

ከውጭ የሚገባ እጅ ካልኩ ዘንድ አንድ ቀን ያየሁትን ላጫውታችሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ ነው። ጥቆማ ተከፍቶ ማንም እጁን አያወጣም። ሠራተኛው ወሬኛ ነበር፣ ገና ከመግባቱ አዳራሹ በጫጫታ ሞልቶ ነበር። አሁን ጸጥ አለ። ዓይኔን ሳዞር በበሩ አጠገብ የአስተዳደር ኃላፊው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ አጀንዳ ዘርግተው እስክሪብቶ ይዘዋል። ከመድረኩ ወርጄ ሄድኩና ዝቅ ብዬ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ የአባላት ስብሰባ ነው፣ ቢወጡልን» አልኳቸው። «እኔ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ማን ነካችሁ?» አሉ። አልተከራከርኩም። ተመልሼ ጸሐፊዋን «የሥራ መሪ በስብሰባው ላይ በመገኘታቸው ጥቆማው ተቋርጧል ብለሽ ጻፊ፣ ሰዓቱንም» አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። ያኔ ተነሱ። በሩ ሲዘጋ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ከእሷ በኋላ እጁ መቆሚያ አጣ።

አዋጁ እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ነው። አንቀጽ 14 አሠሪው ሠራተኛውን በማኅበር መሪዎች ምርጫ ላይ ለእገሌ ድምፅ ስጥ ወይም አትስጥ ብሎ እንዳያስገድድ ይከለክላል። አንቀጽ 26 ደግሞ የማኅበር አባል መሆን፣ የሠራተኞች ተወካይ መሆን ወይም ለመሆን መፈለግ ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች ጥቆማው ከመከፈቱ በፊት አንብቡላቸው። ለመጠቆም የሚፈራው ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ሕጉን ስለማያውቅ ነው። ፈረቃ ተቆጣጣሪ ሁሉ የሥራ መሪ እንዳልሆነም ልብ በሉ። የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ያለውን ከሌለው ለይታችሁ እወቁ፤ አለበለዚያ አባል የሆነን ሰው ከአዳራሽ ታስወጣላችሁ።

አሠሪው ብቻ አይደለም። በሥልጣን ላይ ያለውም አመራር ይፈትናችኋል። የማኅበሩ ማኅተም፣ የአባላት የስልክ ዝርዝር፣ ያለው ከሆነም መኪናው የማኅበሩ እንጂ የሊቀመንበሩ አይደለም። በአንቀጽ 82 የሚሰጠው ከክፍያ ጋር የሆነ ፈቃድም ለማኅበር ሥራ ነው፤ ለራስ ቅስቀሳ በየክፍሉ መዞሪያ አይደለም። ጥቆማው ከተከፈተ ቀን ጀምሮ እነዚህ በማን እጅ እንደሆኑ በጽሑፍ ያዙ። ግብዣን በተመለከተ ግን ሚዛን ያስፈልጋል። ሁለት ጓደኛሞች ቡና ቢጠጣጡ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። በደመወዝ ሰሞን ሙሉ ፈረቃ ቢራ ሲጋበዝ ግን የእናንተ ጉዳይ ነው። የትኛው የት እንደሚያበቃ አስቀድማችሁ ጻፉት።

ስም ማጥፋት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ዕጩ ሲቀርብ በሥራው መጠየቅ ይቻላል፣ ይገባልም። «ባለፈው የሥራ ዘመን መዋጮው የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ሥነ ምግባር መጣስ አይደለም፤ እንዲያውም ጠያቂውን ጠብቁት። የአካባቢ ልጅነት፣ ብሔርና ሃይማኖት መጥራት ግን በሩ ላይ የሚቆም ነገር ነው። ሴት ስትጠቆም «ልጆቿን ማን ያይላታል? ስብሰባ እስከ ማታ ነው» የሚለውም እንደዚያው ነው። ሰዉ ይስቃል፣ የተጠቆመችውም አብራ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ «እኔ ይቅርብኝ» ትላለች። አንድ ዕጩ ከዝርዝር ወጣች ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰብሳቢው ወዲያው ተናጋሪውን ማቆም፣ ንግግሩ ከደንቡ ውጪ መሆኑን መግለጽና ሴትዮዋን እንደገና መጠየቅ አለበት። ካደረ ዋጋ የለውም። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውም በዚሁ ይዳኝ፤ ግን በወሬ አትሂዱ፣ ስክሪንሾቱን ከነቀኑ ያዙ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እኛ ያደግነው በሽምግልና ነው። ሁለት ሰው ሲጣላ «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ብለን አስታርቀን እንለያለን። ለጎረቤት ጠብ ትልቅ ጥበብ ነው፣ አልንቀውም። አስመራጭ ሆናችሁ ግን ይሄን ካደረጋችሁ የጣሰውንና የተጣሰበትን እኩል አደረጋችሁ። የተበደለው ሁለተኛ አቤት አይልም። ይሉኝታም አለ። ጥሰቱን የፈጸመው ሥራ ያስተማራችሁ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ለሠርጋችሁ ያዋጣ ሊሆን ይችላል። ይሄ ሲመጣ ብቻችሁን አትጋፈጡት። ዝምድና ያለው የኮሚቴ አባል ከዚያ ጉዳይ ይነሳ፣ መነሳቱም ይመዝገብ። አስመራጭ የሆነ ሰውም አይጠቁም፣ አይጠቆም። ደንቡን መጀመሪያ የምታስከብሩበት ሰው እናንተ ልትመርጡት ያሰባችሁት ሰው ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ሌላው ሁሉ ያያል።

የመጀመሪያው ጥሰት ትንሽ ናት። ሆን ተብሎ ነው ትንሽ የተደረገችው። የተለጠፈ የዕጩዎች ዝርዝር ይቀደዳል። ቅጹ ከተዘጋ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ስም ይመጣና «ተውት፣ ትራፊክ ይዞት ነው» ይባላል። እናንተ ምን እንደምታደርጉ እየታየ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ያንን አንድ ሰዓት ከተዋችሁ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣውን ትልቁን ለማስቆም አፍ የላችሁም።

ይሄን ስል በትሩን አንስታችሁ ተነሱ ማለቴ አይደለም። ከማንም በላይ የምፈራው ዕጩ መሰረዝ የሚወድ አስመራጭ ነው። እሱም ራሱ ምርጫውን ይሰርቃል፣ ያውም በደንብ ስም። ቅጣቱ ደረጃ ይኑረው። በቃል ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ፣ ቀጥሎ ለዚያ ስብሰባ የመናገር ዕድል ማጣት። ከዕጩነት መሰረዝ የመጨረሻው ይሁን፣ እሱም ምን ዓይነት ጥፋት እንደሚያሰርዝ አስቀድሞ የተጻፈ ሲሆን ብቻ። የተከሰሰው ሰው ክሱን በጽሑፍ ያግኝ፣ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ይኑረው። ውሳኔያችሁን የሚቃወም ካለ ጠቅላላ ጉባዔው ይስማው። የመጨረሻውን ቃል ለራሳችሁ አታድርጉት። ደንቡም የሚጸድቀው የአንድም ዕጩ ስም ሳይታወቅ ይሁን። ስም ከታወቀ በኋላ የሚወጣ ደንብ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን «እገሌን ለመጣል ነው» መባሉ አይቀርም።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ያስመረጣችኋቸው ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ለኅብረት ስምምነት ድርድር ከአሠሪው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አሠሪው ስንቱ አባል ከኋላቸው እንደቆመ ያውቃል። ግማሹ ሠራተኛ «ተሠርቶብናል» ብሎ ካኮረፈ ለደመወዝ ጭማሪ የሚናገሩት ቃል ክብደት የለውም። የጥቆማው ቀን ዝም ያላችሁት የፈረቃ አበል ላይ ይመጣል፣ የደህንነት ጫማው ላይ ይመጣል። የሚከፍለው ደግሞ ያን ቀን ከኋላ ተቀምጦ እጁን ያወረደው ሰው ነው።

ምርጫው ሲያልቅ ሥራችሁ አላለቀም። አቤቱታዎቹን፣ ማስጠንቀቂያዎቹን፣ የጥቆማ ቅጾቹን ቆጥራችሁ በአንድ ፋይል አድርጉና ለአዲሱ ጸሐፊና ለቁጥጥር ኮሚቴው በፊርማ አስረክቡ። ከዚያ ነገሩ ከአእምሯችሁ ሳይወጣ ተሰብሰቡና ደንቡ የቱ ጋ እንዳስቸገራችሁ ጻፉ። የትኛው አንቀጽ ግልጽ አልነበረም? የትኛው ጥሰት መልስ አልተጻፈለትም? ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ የማሻሻያ ሐሳብ አድርጋችሁ አቅርቡት። ረቂቁን አስቀድማችሁ ብትልኩልኝ አነበዋለሁ፤ የማየውን እጽፍላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ