ጥቁር አፈር የሚያብጠው ለምንድን ነው? ኖራስ ምን ያደርግለታል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የሸክላ አፈር ቅንጣት ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ ውሃ ግን ቻርጅ የለውም፤ ታዲያ ምን አገናኛቸው? ኖራ ሲገባበትስ ለምን ማበጡን ይቀንሳል? የምሠራው አፈር ላብራቶሪ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ቻርጁ የሚመጣው ከማዕድኑ ከራሱ ነው። ጥቁር አፈር ውስጥ የሚበዛው እነ ሞንትሞሪሎናይት የሚባሉት የሸክላ ማዕድናት ናቸው፤ 1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ያህል ውፍረት ያላቸው ስስ ንጣፎች ተደራርበው የተሠሩ። ንጣፉ ውስጥ አልሙኒየም መቀመጥ በነበረበት ቦታ አንዳንዴ ማግኒዢየም ይቀመጣል። አንዱ 3 ፖዘቲቭ፣ ሌላው 2። ያች ጉድለት ኔጌቲቭ ሆና ትቀራለች፣ ብታጥበው አትለቅም። እሷን ለማካካስ የሶዲየም፣ የካልሲየምና የመሰሎቻቸው አዮኖች (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) በንጣፎቹ መሃል ይገባሉ።

ውሃም ቢሆን ቻርጅ የሌለው በጥቅሉ ሲታይ ነው እንጂ ጫፍ ጫፉን ካየኸው ቻርጅ አለው። በኦክስጅኑ በኩል ትንሽ ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኑ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑን ወደ አዮኑ አዙሮ ይከበዋል። እኔን ከጠየቅከኝ ውሃውን በዋናነት የሚጠራው አዮኑ ነው፤ ማዕድኑ አዮኑን አስሮ ይይዝለታል። ንጣፎቹ የሚራራቁትም በደረጃ ነው። የንጣፉ ውፍረት ጭምር ሲቆጠር፣ አንድ ረድፍ ውሃ ሲገባ ወደ 1.25፣ ሁለት ሲገባ ወደ 1.5 ናኖሜትር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በአዮኑ ዓይነት ይወሰናል። ካልሲየም ሁለት ቻርጅ ስላለው ንጣፎቹን ይዞ 1.9 ናኖሜትር አካባቢ ያቆማቸዋል። ሶዲየም ግን ከንጣፉ ራቅ ብሎ እንደ ደመና ይበተናል። የንጣፎቹ መሃል ከውጭው ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል፣ አዮኖቹ ደግሞ ቻርጁ ስለያዛቸው መውጣት አይችሉም። ያኔ ውሃው ራሱ ይገባላቸዋል። የደመናውን ስሌት ጉዊና ቻፕማን የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1910 እና በ1913 እ.ኤ.አ. ሠሩት፤ ሽተርን የተባለው ደግሞ በ1924 እ.ኤ.አ. ከማዕድኑ ጋር የተጣበቀውን የአዮን ረድፍ ጨመረበት። የደመናው ውፍረት 0.001 ሞላር (ሞላር ውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው መጠን መለኪያ ነው) የገበታ ጨው ባለበት ውሃ 10 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 0.1 ሞላር ሲሆን 1 ብቻ ይቀራል።

በዓይንህ ማየት ከፈለግክ ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራት ቀላል ሙከራ አለች። በ425 ማይክሮን ወንፊት ያለፈ ደረቅ አፈር፣ 10 ግራም በአንድ ሲሊንደር፣ 10 ግራም በሌላው። አንዱ ላይ የተጣራ ውሃ፣ ሌላው ላይ ነጭ ጋዝ። አረፋው እስኪወጣ አማስለህ 24 ሰዓት ትተዋለህ። ነጭ ጋዙ ውስጥ ያለው አፈር ታች ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። ውሃው ውስጥ ያለው ግን ተነፍቶ ወደ ላይ ወጥቷል። ነጭ ጋዝ እንደ ውሃ ሁለት ጫፍ ስለሌለው አዮኑ አይፈልገውም።

ወደ ኖራው ስንመጣ፣ እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ካልሲየም ሶዲየምን ስለሚተካ ነው» ይባላል። የደጋው ጥቁር አፈራችን ግን ቀድሞውንም በአብዛኛው ካልሲየምና ማግኒዢየም ነው የያዘው፤ ያም ሆኖ ያብጣል። ኖራ እዚያ የሚሠራው የውሃውን ካልሲየም አብዝቶ ደመናውን በማሳነስ ነው። ቅንጣቶቹ ይሰባሰባሉ፣ ጫማ ላይ የሚጣበቀው ጭቃ ቶሎ ፍርፍር ይላል። የአፈሩ ጥንካሬ ግን ቀስ ብሎ በሌላ ኬሚስትሪ ይመጣል። የሶዲየሙ ታሪክ ይበልጥ የሚሠራው እንደ መካከለኛው አዋሽ ባለ ጨዋማ የመስኖ መሬት ነው። እዚያ ጂፕሰም (ካልሲየም ያለበት ማዕድን) ይጨመራል፣ የተፈናቀለው ሶዲየም ግን በውሃ ታጥቦ ካልወጣ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሥራ ልትጀምር ከሆነ ኖራ ከመግዛትህ በፊት አፈሩ ውስጥ ሰልፌት (ድኝ ያለበት የጨው ዓይነት) መኖሩን አስመርምር። ሰልፌት የበዛበት አፈር ከኖራ ጋር ሲገናኝ ጭራሽ ብሶበት ሊያብጥ ይችላል።