መልስ፦ ራናጂት ጉሃ ለምን ስሙ ገነነ?

ሰላም ወንድሜ፣ «ይሄ ህንዳዊ የታሪክ ምሁር ምን አዲስ ነገር አመጣ?» ላልከው፣ ባጭሩ ገበሬውን አዳመጠ።

እ.ኤ.አ. በ1855 በህንድ ሳንታል የሚባለው ሕዝብ ገበሬዎች በአራጣ አበዳሪዎችና በእንግሊዞች ላይ ተነሱ። መሪዎቹ ሲዶና ካንሁ «ተዋጉ ያለን አምላካችን ታኩር ነው» አሉ። ሹማምንቱ ናቁት። የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ግራ ዘመሞቹ ሳይቀሩ፣ ሃይማኖቱን ወደ ጎን ትተው ስለ ዕዳና ግብር ብቻ አወሩ። ጉሃ ግን የገበሬውን ቃል ከዚያው ከቅኝ ገዢው መዝገብ ፈልፍሎ አወጣው። ጠላት የጻፈውን ወረቀት ገልብጦ ማንበብ በለው።

ራሱም ኮሚኒስት ነበር። በ1956 ሶቪየት ሃንጋሪን ስትወር ፓርቲውን ጥሎ ወጣ። (ስንቱ ሰበብ ሲደረድር!) በ1982 ከወጣት ምሁራን ጋር የጀመረው የጥናት ቅጽ ላቲን አሜሪካ ድረስ ተከታይ አፈራ። አጻጻፉ ግን ይከብዳል፤ ስለ ሳንታሎቹ ከጻፈው ጀምር።