ቴምፕሌት ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር? የፒኤችፒ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሎጂክ ከቴምፕሌት (ገጹን ከሚያሳየው ፋይል) ይውጣ ሲባል ኢፍ (ሁኔታ መፈተሻው) እና ፎርኢች (ዝርዝር መደጋገሚያው) ጭራሽ አይግቡ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። «ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ምንም የለም በል» የሚለው የማሳያ ሎጂክ ነው። እሱ ቴምፕሌት ውስጥ ይቀመጥ። «ደንበኛው ሦስት ጊዜ ከገዛ ቅናሽ ይገባዋል» የሚለው ግን የሥራው ሕግ ነው። ያው ቅናሽ ነገ በኢሜይልም በኤፒአይም (ሌላ ፕሮግራም ዳታ በሚወስድበት መንገድ) መውጣቱ አይቀርም። ሕጉ ገጹ ውስጥ ከተቀበረ ሦስት ቦታ ትገለብጠዋለህ፤ አንዱን ስታስተካክል ሁለቱ ይረሳሉ። እኔ ሁሌ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ኤችቲኤምኤሉ ቀርቶ ፒዲኤፍ ባወጣ ይህ መስመር ያስፈልገኛል? ካስፈለገኝ ቦታው ቴምፕሌት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከቴምፕሌት ዳታቤዝ ብጠራስ? አንዲት ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚላክ ጥያቄ) ብቻ ናት።

መልስ፦ ሉፕ (ድግግሞሽ) ውስጥ ከሆነች አንዲት አይደለችም። 100 ጽሑፍ ዘርዝረህ ለእያንዳንዱ የጸሐፊውን ስም ከጠየቅህ 101 ኩዌሪ ሆነ፤ አንዱ ለዝርዝሩ፣ መቶው ለስሞቹ። ኦአርኤም (የዳታቤዝ ረድፎችን እንደ ኦብጀክት የሚያቀርብ ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ተራ ፕሮፐርቲ የሚመስለው ነገር ከጀርባ ኩዌሪ ሊልክ ይችላል። መጀመሪያ ዳታው ተሟልቶ ይምጣ፣ ከዚያ ቴምፕሌቱ ይከፈት።

ጥያቄ፦ ከቴምፕሌት መሣሪያዎች ትዊግ ወይስ ብሌድ?

መልስ፦ ፍሬምወርክህ ሲምፎኒ ከሆነ ትዊግ፣ ላራቬል ከሆነ ብሌድ።

አንድ አባል፦ ፒኤችፒ ራሱ የቴምፕሌት ቋንቋ አይደል እንዴ? ከ5.4 ጀምሮ አጭሩ የኢኮ ታግ (<?=፣ ጽሑፍ ገጹ ላይ የሚያወጣው) ሁልጊዜ ይሠራል። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሌላ አባል፦ ትዊግ በራሱ ኢስኬፕ ያደርግልሃል፤ ማለትም እንደ < ያሉ ምልክቶችን ኮድ ሆነው እንዳይሠሩ ይለውጣል። አንተ አንድ ቦታ ከረሳህ ለኤክስኤስኤስ (የሌላ ሰው ስክሪፕት ገጽህ ላይ ለሚሠራበት ጥቃት) በር ከፈትክ።

የመጀመሪያው፦ እኔ አልረሳም።

ሁለተኛው፦ የረሳ ሁሉ ከመርሳቱ በፊት እንደዚያ ነበር የሚለው።

መልስ፦ በቃ፣ ወደ ጉዳያችን። ንጹሕ ፒኤችፒም ይሆናል፤ የሚወጣው ሁሉ በኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ (ኢስኬፕ በሚያደርገው የፒኤችፒ ፈንክሽን) እስካለፈ ድረስ። ትዊግ ውስጥም ራው ፊልተር (ኢስኬፑን የሚያስቀረውን) የሚለጥፍ ሰው ያንኑ በር ይከፍታል። የሥራውን ሕግ ብሌድ ውስጥ የሚጽፍም አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጽሑፉን ዳታቤዝ ከመግባቱ በፊት ኢስኬፕ ባደርገውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ኢስኬፕ ሲወጣ ነው። አለዚያ ኢሜይሉ ላይ የተበላሸ ጽሑፍ ይወጣብሃል።

ጥያቄ፦ ቴምፕሌቴ አይሠራም፣ እርዱኝ።

መልስ፦ የቱ ቴምፕሌት? ስህተቱ ምን ይላል? እንዲሁ በግምት መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኢፍ ክልክል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ጥያቄ፦ 2000 መስመር ያለው አሮጌ ፋይል ተረከብኩ፤ ሁሉም ነገር ተደባልቋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍሬምወርክ ለመቀየር አትቸኩል። እዚያው ፋይል ውስጥ ኩዌሪውንና ስሌቱን ሁሉ ወደ ላይ ሰብስብ፤ ውጤቱን በቫሪያብል ያዝ። ኢኮ የሚያደርገው ሁሉ ወደ ታች ይውረድ። በየእርምጃው ገጹን ከፍተህ እንደ በፊቱ መሆኑን እይ። ሁለቱ ሲለያዩ የታችኛውን ቆርጠህ ሌላ ፋይል ውስጥ አስገባና በሪኳየር (ሌላ ፋይል በሚያስገባው የፒኤችፒ ትዕዛዝ) ጥራው። ያ ፋይል ቴምፕሌትህ ነው። የላይኛውን ወደ ፈንክሽኖች መከፋፈል ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አንድ ገጽ ሳትጨርስ ሌላ አትንካ።