የመጀመሪያ ቤዝ ጊታርሽን ከአንገቱ ጀምረሽ እዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በሁለት መስመር መመለስ ከበደኝና ዛሬ ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ጥያቄውን ላላነበባችሁ፦ ልጅቷ ሐዋሳ ናት፣ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። የኳየሩ ቤዚስት ውጭ ሄዷል፤ ቦታውን እሷ ልትይዝ ተነስታለች። አንድ ሰው ያገለገለ ባለ አምስት ክር ቤዝ ሊሸጥላት ፎቶ ልኮላታል። ዱባይ ያለው አጎቷ ደግሞ «ተዪው፣ አዲስ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብሏታል። ጥያቄዎቿ አራት ናቸው። አራት ክር ወይስ አምስት? አዲስ ወይስ ያገለገለ? ጣቶቼ አጭር ናቸው፣ ይሆንልኛል? መጀመሪያ ሊድ ጊታር መማር አለብኝ?

የመጨረሻውን ቶሎ ልገላግለው። የለብሽም። ቤዝ መጫወት ከፈለግሽ ቤዝ ግዢ።

ወደ ሌሎቹ ከመሄዴ በፊት የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የዛሬ 14 ዓመት የመጀመሪያ ቤዜን የገዛሁት በቀለሙ ነው። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቀንድ የሾለ። ሱቁ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ነበርና አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ እንኳ አልሰካሁትም። ሻጩ «እኔ አለሁ አይደል፣ ችግር ካለው ትመልሰዋለህ» አለኝ። አመንኩት። ቤት ወስጄ ስጀምር ክሩን ለመጫን ጣቴ ይቃጠላል። ወደ ላይ በሄድኩ ቁጥር ድምፁ ከቅኝት ይወጣል። ስምንት ወር ሙሉ «ጆሮ የለኝም» እያልኩ ራሴን ስረግም ከረምኩ። አንድ ቀን አንድ አንጋፋ ቤዚስት ቤዙን ተቀበለኝ። እንደ ጠመንጃ አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንገቱ ላይ አነጣጠረ። ከዚያ ሳቀ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ደጋን ነው» አለኝ።

አንገቱ ጎብጦ ኖሯል። የሚያቃናው ብሎን ደግሞ ጥርሱ ተበልቷል። ሱቁ ስመለስ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ተባልኩ፤ ምን እላለሁ?

ስለዚህ ስለ ስም፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ክር ብዛት ከማሰብሽ በፊት አንገቱን እዪ። ያ ሰውዬ እንዳደረገው በቤዙ ራስ በኩል፣ ማለትም ክሩ በሚጠመዘዝበት ጫፍ፣ ወደ ዓይንሽ አስጠጊውና የአንገቱን ጠርዝ ተከትለሽ እዪ። ቀጥ ያለ፣ ቢበዛ በጣም በጥቂቱ ጎበጥ ያለ መሆን አለበት። ከተጠማዘዘ፣ ማለትም አንዱ ጠርዝ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ፣ በነፃ ቢሰጥሽም አትውሰጂው። ዓይንሽን ካላመንሽ ሌላ መንገድ አለ። በወፍራሙ ክር ላይ የመጀመሪያውን ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱን) በግራ እጅሽ ተጫኚ። አንገቱ ከገላው ጋር የሚገናኝበትን ፍሬት በቀኝ እጅሽ ተጫኚ። አሁን ክሩ እንደ ማስመሪያ ተወጥሯል። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዪ። የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ከሆነ አሪፍ ነው። ሳንቲም የሚያሳልፍ ከሆነ ጎብጧል። ምንም ክፍተት ከሌለ ደግሞ ወይ ፍጹም ቀጥ ብሏል ወይ ወደ ኋላ ተለጥጧል።

ይሄ ብቻውን አያስደነግጥሽ። በአንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት አለ፤ ጫፉ ላይ ያለው ብሎን በአለን ቁልፍ ትንሽ ሲዞር አንገቱ ይቃናል። ሻጩን እፊትሽ ሩብ ዙር እንዲያዞረው ጠይቂው። ከዞረ ጥሩ። አልዞር ካለ፣ ወይም «እሱ አይነካም» ካለሽ፣ እሱ የኔ ቀይ ቤዝ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ምቺ። አሰልቺ ነው፤ ሻጩም ፊቱን ያጠቁራል። ያጥቁር። አንድ ቦታ ላይ ዝዝዝ ካለ ወይም ድምፁ ቶሎ ከሞተ ምልክት ያዢ። 12ኛው ፍሬት ላይ ደግሞ ክሩን ሳትጫኚ ነካ ብቻ አድርገሽ ምቺው፤ ደወል የመሰለ ድምፅ ይወጣል። ቀጥሎ እዚያው ተጭነሽ ምቺው። ሁለቱ አንድ ድምፅ መሆን አለባቸው። ጥቂት ልዩነት ብሪጁ (ገላው ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ባሉት ብሎኖች ይስተካከላል፤ ብዙ ከሆነ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ምክንያት አገኘሽ ማለት ነው።

ገና ስለማትችዪ ሱቅ ውስጥ ምን እንደምትጫወቺ ግራ ይገባሽ ይሆናል። ትዝታ ተጫወቺ። የአራት ክር ቤዝ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። ኤ ክር ላይ ሦስተኛና አምስተኛ ፍሬት፣ ዲ ክር ላይ ሁለተኛና አምስተኛ፣ ጂ ክር ላይ ሁለተኛ። በቃ፣ ትዝታ ሜጀር ነው። ይህቺን አምስት ኖታ ደጋግመሽ ስትመቺ እጅሽ ካልተጨነቀ ቤዙ ላንቺ ይሆናል።

ስትፈትሺው የግድ አምፕ ላይ ሰክተሽ ይሁን። ቮሊዩሙን ስታዞሪ ቢንኮሻኮሽ አቧራ ነው፤ በስፕሬይ ይጸዳል። ጃኩን (ገመዱ የሚሰካበትን) ስትነቀንቂው ድምፁ ከተቆራረጠ ብየዳ ይፈልጋል፤ ቀላል ሥራ ነው። ማንገቻውን አጥልቀሽ እጅሽን ልቀቂ። የቤዙ ራስ ወደ መሬት ከወረደ ሁልጊዜ በግራ እጅሽ ስትሸከሚው ልትኖሪ ነው። ክብደቱ ወደ አምስት ኪሎ ከሆነ ደግሞ ረጅም የአምልኮ ፕሮግራም ላይ ትከሻሽ ይነግርሻል።

አሁን ወደ ክሩ። እዚህ ግሩፕ ላይ ሁሉም «አራት ክር ግዢ» ብሎሻል። እኔም በአብዛኛው እስማማለሁ። አንገቱ ይጠባል፣ ዝም ማሰኘት ያለብሽ ክርም ያንሳል። ጀማሪን የሚያሰቃየው የማይመታው ክር መጮኹ ነው። ግን የኳየር ነገር ለየት ይላል። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ (ቁልፉን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) አንድ ነክቶ መዝሙሩን ኢ ፍላት ላይ ያሳርፈዋል። የአራት ክር ቤዝ የመጨረሻ ወፍራም ድምፅ ኢ ነው፤ ኢ ፍላት ከሥሩ ናትና የለችም። ኤ ክር ስድስተኛ ፍሬት ላይ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገሽ ትመቻታለሽ። መዝሙሩ አይሞትም፤ ያ ደረት የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ ግን አይኖርም። አምስተኛው ክር ከኢ በታች ይወርዳል፤ የኳየር ልጆች አምስት ክር የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ለፋሽን ብቻ እንዳይመስልሽ። የኔ ፍርድ፦ አራት ክር ግዢ፤ የኳየራችሁ ቤዝ ባለ አምስት ከሆነና በየሳምንቱ የምትነኪው እሱን ከሆነ ብቻ ባለ አምስት ግዢ። ቤት አራት፣ መድረክ አምስት እያልሽ ስትጀምሪ አውራ ጣትሽ መቆሚያው ይጠፋዋል።

ስለ ጣትሽ። የተለመደው ቤዝ የክር ርዝመቱ 34 ኢንች፣ ወደ 86 ሴንቲ ሜትር ነው። የጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ የተጠቀመበት ልክ ነው፤ ዛሬም አብዛኛው ሰው በዚያው ይሠራል። 30 ኢንች የሆነ አጭርም አለ፤ ግን አገር ውስጥ ፈልገሽ እስክታገኚ ትሰለቻለሽ። ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱን እዪ። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ አንገቱ ራሱ ጋ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፕሪሲዥን ከ41 በላይ ነው። ባለ አምስቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ይሰፋል። ላንቺ ቀጭኑ ይሻላል። ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ አራት ጣት ለአራት ፍሬት ካልዘረጋሁ ብለሽ አትሰቃዪ። ጠቋሚ፣ መሃል፣ ትንሿ ጣት፤ ሦስት ፍሬት ብቻ ያዢ፣ ከዚያ እጅሽን አንሸራቺ። ቆሞ የሚጫወቱትን ትልቁን ቤዝ የሚማሩት እንዲህ ነው። እኔም ጣቴ አጭር ነው፤ ማንም አላወቀብኝም።

አጎትሽን በተመለከተ። «ጥሩ ቤዝ አምጣልኝ» አትበዪው። ቀይ ይዞ ይመጣል! ሞዴሉን ጽፈሽ ላኪለት። ለጀማሪ ያማሃ ቲአርቢኤክስ 174 አያሳፍርም፤ ባትሪ አይፈልግም፣ የፕሪሲዥኑም የጃዙም ዓይነት ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚይዘው ማግኔት) አለው። አይባኔዝ ጂኤስአር 200ም ይሆናል፤ እሱ ግን 9 ቮልት ባትሪ ይበላል። ባትሪ ያለው ቤዝ ከሆነ ስትጨርሺ ጃኩን ንቀዪ፤ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል። ድምፁ ድንገት ከተበጣጠሰም መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሪ። ሻጭሽ የላከልሽም ባለ ባትሪ ሊሆን ስለሚችል ጠይቂው። በአውሮፕላን ሲመጣ ክሩን ትንሽ ያላላው፤ ጠንካራ መያዣም ይግዛለት። ዱባይ ወበቅ ነው፤ እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲቀየርበት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እንደደረሰ ለሴታፕ (አንገቱንና ክሩን ለማስተካከል) አትሩጪ። ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ይረፍ፣ ከዚያ አንገቱን አሳዪ።

ለአምፕ ገንዘብ አታውጪ። ቸርች ሞንታርቦ አለ። ለቤት ቤዙ ላይ የሚሰካ ትንሽ የሄድፎን አምፕ ይበቃል። የቤት ቴፕ ላይ ግን አደራ! ወፍራሙ ኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ ትንሽ ስፒከር ድምፁ ከፍ ሲል አይችለውም። እኔ የእህቴን ስፒከር ቀድጄ አንድ ወር አኩርፋኛለች።

ቲውነር (ቅኝት መለኪያ) ስልክሽ ላይ በነፃ አለ። ወፍራሙን ክር አልሰማ ካለሽ ያቺን 12ኛ ፍሬት ላይ ያለች ደወል ድምፅ አሰሚው፣ ወዲያው ይይዘዋል። ክርሽ ሲያረጅና ድምፁ ሲደክም፣ አዲስ ክር እስክታገኚ አውልቀሽ አሥር ደቂቃ ቀቅዪውና በደንብ አድርቂው። ላቡና ቆሻሻው ይለቃል፤ ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራል። እናትሽ ድስቱን እንዳታይ ብቻ።

አገርኛ ቤዝ እንዴት እንደሚሄድ ጆሮሽን ማሟሸት ከፈለግሽ የሮሃ ባንድን ሥራዎች ከፍተሽ ዘፋኙን ተዪና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ተከተዪ። ኳየር ብትሆኚም ጭክጭካው አንድ ነው።

ያገለገለውን በተመለከተ፣ ሻጩ ከላከልሽ ሦስት ፎቶ ሁለቱ የገላው ናቸው፣ አንዱ የመያዣው ቦርሳ። ሰውየውን በራሱ በኩል ሆኖ አንገቱን ቁልቁል ፎቶ እንዲያነሳልሽ ጠይቂው፤ የትረስ ሮዱን ብሎንም በቅርበት። ሲልክልሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ቀብድ እንዳትሰጪ።