ፊደሉ ያሰረው ኮምፒዩተር

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት ፔንቲየም 4 ኮምፒዩተር እስከ ዛሬ እንጀራዬ ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ሲሆን፣ የውል፣ የማመልከቻና የቃለ ጉባኤ ሰነዶቼ ሁሉ ፓወር ግዕዝ በተባለው የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ተጽፈው በውስጡ ተቀምጠዋል። በቅርቡ ወንድሜ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶልኝ ፋይሎቹን በፍላሽ ወስጄ ስከፍታቸው፣ በአማርኛው ፋንታ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ታዩኝ። አሮጌውም ቢሆን ጠዋት ስከፍተው ቀኑ ወደ 2002 ተመልሶ አገኘዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮህና ስክሪኑ ሳይበራ ይቀራል። የሰፈራችን ቴክኒሻን «ለቆራሌው ይስጡት» ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ቴክኒሻኑ ይህን ያሉት የኮምፒዩተሩን ዕድሜ አይተው ይመስለኛል፤ በውስጡ ያለውን ግን አላሰቡበትም። ዕቃው ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ የዓመታት ውልና ቃለ ጉባኤ ግን ከመርካቶ አይገዛም። ስለዚህ ከጽሑፉ እንጀምር።

ፋይሎችዎ አልተበላሹም። የአማርኛ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ በዚህ ላይ እንደ ቋ እና ሟ ያሉት ዲቃሎች፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቁጥሩ ወደ 300 ይጠጋል። የያኔው ፎንት (የፊደላቱን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ግን በጠቅላላው የነበረው 256 ቦታ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ለኮምፒዩተሩ የውስጥ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። የፎንት አዘጋጆቻችን በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ በላቲኑ ፊደላት ወንበር የአማርኛውን ቅርጽ አስቀመጡ፤ አንዳንዶቹም ፊደሉን ከአንድ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አካፈሉት። ብልሃታቸው ዛሬም ያስደንቀኛል። ሆኖም ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው በስተጀርባ ያለውን የላቲን ፊደል ብቻ ነበር፤ «ለ» አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። በላፕቶፕዎ ላይ ያ ፎንት ስለሌለ ተሸፍኖ የኖረው ላቲን ተገለጠ።

ፊደላችን ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይሁንና በ2001 የወጣው ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ማቅረብ የጀመረው በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ነው። በመሆኑም እርስዎን የመሰሉ ጸሐፊዎች ለዓመታት በነዚያ ፎንቶች ቢጽፉ አያስወቅሳቸውም፤ እጃቸው የለመደውም እርሱን ነበር።

መፍትሔው ከሚያስቡት የቀለለ ነው። በአሮጌው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚል አለ፤ ሰነዶችዎ የተጻፉባቸውን ፎንቶች ከዚያ ቀድተው በላፕቶፑ ላይ ቢጭኗቸው ጽሑፉ እንደ ቀድሞው ይነበባል። ከዚያ በኋላ ሰነዶቹን በሁለት ይክፈሏቸው። ተፈርመው ያለቁትን ውሎችና ቃለ ጉባኤዎች ወደ ፒዲኤፍ ይለውጧቸው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ በየትኛውም ኮምፒዩተር ሳይዛነፍ ይከፈታል። በየቀኑ ስም እየቀየሩ የሚያትሟቸውን ቅጾች ደግሞ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያዛውሯቸው። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ መቀየሪያው በአማርኛው መካከል የገባውን የእንግሊዝኛ ስም ወይም የኢሜይል አድራሻ ጭምር አማርኛ መስሎት ትርጉም ወደሌለው ፊደል ሊለውጠው ይችላል። አራት ነጥብና ሁለት ነጥብም አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታሉ። እያንዳንዱን ቅጽ አትመው ከአሮጌው ወረቀት ጋር መስመር በመስመር ሳያስተያዩ ለደንበኛ አይስጡ።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ዛሬውኑ ሙሉውን ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት የአንድ ዕድር ጸሐፊ ልክ እንደ እርስዎ ያለ ኮምፒዩተር አምጥተውልኝ፣ እኔ አቧራውን ሳራግፍና ፓወር ሳፕላዩን ስቀይር ዋልኩ፤ የአባላቱን መዝገብ መገልበጡን «ሰኞ ይደርሳል» ብዬ አቆየሁት። ሰኞ ጠዋት ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰምቶ ዝም አለ። መዝገቡ ከደብተር እንደገና ተለቅሞ እስኪጻፍ ሁለት ወር ፈጀ፤ ጸሐፊው ባይቆጡኝም ከዚያ ወዲህ ሌላ ዕቃ አምጥተውልኝ አያውቁም። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላውን ከሱቅዎ ውጪ በቤትዎ ያኑሩ። ኮምፒዩተሩ ጨርሶ እምቢ ካለም ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ማንበብ ይቻላል። በፍላሽ የሚያመላልሱ ከሆነ ግን በላፕቶፑ ላይ ከመክፈትዎ በፊት በጸረ ቫይረስ ያስፈትሹት። ፎልደሮችዎ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ቢታይዎት አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው እንጂ አልተሰረዙም።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ የቀኑ መመለስ የአንዲት ባትሪ ጉዳይ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል፣ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ እርሷ ስታልቅ ኮምፒዩተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። አንድ ደንበኛዬ «የእኛና የፈረንጆቹ የዘመን ልዩነት ጨመረ ወይ?» ብሎ አስቆኛል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒዩተር ድረ ገጾችን ጭምር «አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፍትም ይላል፤ የድረ ገጹን የምስክር ወረቀት ዘመን የሚያመሳክረው በራሱ ቀን ነውና።

ጢጥ ጢጥ የሚለው ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው የራም (ኮምፒዩተሩ ሲሠራ መረጃ በጊዜያዊነት የሚይዝበት ክፍል) ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ነቅለው የኬዙን ጎን ይክፈቱ። በእናንተ አካባቢ መንገዱ አቧራማ በሆነበት ሁሉ በበጋ የሚገባው ብናኝ በማቀዝቀዣው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነው የማገኘው፤ እርሱን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ራሙን በሁለቱ ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ገፍተው ያውጡት፤ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ በቀስታ ፈግፍገው፣ ፍርፋሪውን እፍ ሳይሉ በደረቅ ብሩሽ አራግፈው፣ ቀጭ እስኪል ይመልሱት። እግረ መንገድዎን በማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትን ትንንሽ በርሜል መሰል ካፓሲተሮች ይመልከቱ፤ አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ካለ ራሙን ማጽዳት አይበቃም፤ የማሽኑም ዕድሜ አጭር ነው።

ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2014 ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። ኢንተርኔት አያስገቡት፤ የባንክና የኢሜይል ሥራ በላፕቶፑ ይሁን። ለመተየብና ለማተም ግን እስከሚችለው ያገልግልዎት።

ጥያቄ፦ ገላን በሚገኝ መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒዩተራችን ኮር ቱ ዱዎ ሲሆን በዊንዶውስ 7 ላይ ፒችትሪ 2010 በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም እንሠራበታለን። ለመክፈት ብቻ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። አለቃዬ አዲስ አይገዛም ብለዋል።

መልስ፦ ለዚህ ሥራ አለቃዎ ያን ያህል አልተሳሳቱም። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር የሚጎተተው አብዛኛውን ጊዜ በፕሮሰሰሩ ድካም ሳይሆን በሃርድ ዲስኩ ዝግታ ነው፤ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ) ቢተካና ራሙ ወደ 4 ጊጋባይት ቢያድግ ለውጡን በመጀመሪያው ቀን ያዩታል። ከ4 በላይ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ትርፉን አይጠቀምበትም። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ስላበቃ ከኢንተርኔት አርቀው ለሒሳብ ብቻ ያውሉት። ፒችትሪ ዛሬ ሴጅ 50 በሚል ስም ይታወቃል፤ አንድ ቀን ወደ አዲሱ ለመሻገር ቢወስኑ፣ አዲሱ አንዴ የለወጠውን የድርጅት ፋይል አሮጌው መልሶ ስለማይከፍተው አስቀድመው ባክአፕ ያውጡ። መብራት ሲሄድ ሒሳቡ በመመዝገብ ላይ ከሆነ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ስታብላይዘር ከዚህ አያድንም፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ለአለቃዎ ወጪውን ሲያቀርቡ ዩፒኤሱን ከኤስኤስዲው ጋር በአንድ ወረቀት ያስፍሩት።